ለዘገየ የውርስ ጥያቄ ሕጉ ስንት ዓመት ይጠብቃል?

ወላጅ ሲሞት በሐብሩ ገጠሮች መሬቱን ማረስ የሚቀጥለው፣ በመርሳና በወልድያ ደግሞ በቤቱ የሚኖረው አብዛኛውን ጊዜ ከወላጁ ጋር የቀረው ልጅ ነው። ሌሎቹ ኑሮ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጅዳ ወይም ወደ ሪያድ ሄደዋል። ከዓመታት በኋላ አንዱ ተመልሶ «የእኔ ድርሻ የታለ?» ሲል ቤተሰቡ ሁለት እውነቶች ይገጥሙታል። የሄደው ልጅ ልጅነቱ አልተሻረም። የቀረው ደግሞ ወላጁን ጦሮ፣ ቀብሮ፣ ንብረቱን ጠብቆ ኖሯል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለቱንም ለማስታረቅ ሞክሯል። በቁጥር 842 መሠረት የሟች ልጆች ቀዳሚ ወራሾች ሲሆኑ ድርሻቸውም እኩል ነው። ወላጅ ልጁን ከውርስ መንቀል ቢፈልግ እንኳ ምክንያቱን በኑዛዜው ገልጾ መጻፍ ይኖርበታል። ለአንዱ ልጅ ተናዞ ስለ ሌላው ዝም ማለት ሌላውን አይነቅለውም።

መብቱ ግን ጊዜ ተቆርጦለታል። ቁጥር 1000 እንደሚለው፣ ወራሽነቱንና የውርሱ ንብረት በሌላ ሰው መያዙን ያወቀ ሰው በ3 ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። ከዘር የወረደ የማይንቀሳቀስ ንብረት ካልሆነ በቀር፣ ሟቹ ከሞተ ወይም ከሳሹ በመብቱ ሊሠራበት ከቻለ 15 ዓመት ካለፈም ክሱ ተቀባይነት አይኖረውም። ስለዚህ ወሳኙ ጥያቄ «የት ነበርክ?» ሳይሆን «መቼ አወቅህ?» የሚለው ነው። የአባቱን ሞት በስልክ የተረዳ፣ ቤቱን ታናሹ እንደያዘውም የሰማ ሰው ባሕር ማዶ በመሆኑ ብቻ ጊዜው አይቆምለትም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት የወራሽነት ማስረጃ ላይ ነው። ከፍርድ ቤት የሚሰጠው ወረቀት ወራሽነትን ያረጋግጣል እንጂ ንብረቱን ከያዘው ሰው አያስለቅቅም። ሽምግልናም እንዲሁ ነው። የውል ሕጉ ክፍል ይርጋን ያቋርጣሉ የሚላቸው ክስ መመሥረትንና ባለዕዳው የተጠየቀውን አምኖ መቀበሉን ነው። «ዛሬ ነገ» እየተባለ በሽማግሌ ፊት ያለፈ ጊዜ፣ የተጻፈ ነገር ከሌለ፣ በኋላ ለማስረዳት ይከብዳል። በሌላ በኩል ቁጥር 1853 ባለመብቱ በዝምድና ምክንያት ሳይጠይቅ መቆየቱን ዳኛው ካመነ የይርጋውን መቃወሚያ ላይቀበል እንደሚችል ይደነግጋል። ይርጋን ተከሳሹ ራሱ ካላነሳውም ፍርድ ቤቱ በራሱ አያነሳም።

ከድርሻ የተለየ ሌላም ጥያቄ አለ፤ እርሱም ቀለብ ነው። ችግረኛ የሆነ ተወላጅ ከውርሱ ቀለብ መጠየቅ ይችላል። ይሁን እንጂ በቁጥር 1014 የክፍያ ተራ የቀብር ወጪ፣ የውርስ ማጣራት ወጪና የሟቹ ዕዳ ይቀድማሉ። ለአካለ መጠን የደረሰና ሠርቶ ማደር የሚችል ልጅ በዚህ በር መግባት ይከብደዋል።

የገጠር መሬት ጉዳይ ደግሞ ከቤት ይለያል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚወረሰው የመጠቀም መብቱ ነው። የፌዴራሉ አዋጅ 456/1997 ባለይዞታ መብቱን ለቤተሰቡ አባል ማውረስ እንደሚችል ሲደነግግ፣ የቤተሰብ አባል ያለው ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት የሚኖርንና መተዳደሪያውን የሚጋራን ሰው ነበር። የአማራ ክልል ሕጎችም በግብርና ለሚተዳደር ወይም ለመተዳደር ለሚፈልግ ትኩረት ይሰጣሉ። ስለሆነም መርሳ ከተማ ባለው ቤት እኩል የሚካፈሉ ወንድማማቾች በሐብሩው ማሳ ላይ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። የማሽላና የጤፍ ማሳ ለአምስት ቢቆራረጥ ለአንዱም የዓመት ቀለብ አይሆንምና የሕጉ ጥንቃቄ ምክንያት አለው። ነገር ግን ተሰዳ የላከችው ገንዘብ በሬ የገዛባት፣ ጉድጓድ ያስቆፈረባት ልጅ «ከቤተሰቡ ጋር አልኖረችም» ስትባል ቅሬታዋ ከንቱ አይደለም።

መፍትሔው ከሐዘኑ ማግሥት ይጀምራል። ውርሱ በጊዜው ይጣራ፤ በውጭ ያለው ልጅ በሕጋዊ ውክልና ይሳተፍ፤ ስምምነቱ በጽሑፍ ሰፍሮ በፊርማና በምስክር ይጽና። ለጥሩት ድካም፣ ለላኩት ገንዘብም ዋጋ መስጠት የሚቻለው ያኔ ነው። ጉዳዩ በይርጋ ከታነቀ በኋላ ዳኛው የሚመረምረው የማን ድካም እንደሚበልጥ ሳይሆን ቀኑን ነው።