ከሩቅ ሲያዩት አንድ፣ ሲጠጉት ሁለት

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላሉ አበው። ንጉሥ መክሰስ ያተረፈልንን ስለምናውቀው ለዛሬ ወደ ሰማዩ እናንጋጥ። ባይታረስም ማየቱ አልተከለከለም፤ ቀረጥም የለበትም።

ውድ አንባቢያን፣ ደመና በሌለበት ማታ ከፍራንክፈርት መብራት ራቅ በሉና ጀርመኖች «ትልቁ ሠረገላ» የሚሏቸውን ሰባት ከዋክብት ፈልጉ። ከሠረገላው መጎተቻ መካከለኛዋ ኮከብ ሚዛር ናት። ዓይነ ጥሩ ሰው ከጎኗ ደብዘዝ ያለችውን አልኮርን ያያል፤ ዓይኑ የደከመ ባይኖኩላር፣ ማለትም የጦር መነጽር የምንለውን ይያዝ። በትንሽ ቴሌስኮፕ ሲያዩዋት ደግሞ ሚዛር ራሷ ሁለት ሆና ትገኛለች!

ጥንድ ከዋክብት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ እጅግ ተራርቀው ሳለ በአንድ አቅጣጫ ስለምናያቸው ብቻ ጎረቤት ይመስሉናል። ሌሎቹ ግን በስበት ተሳስበው እርስ በርስ ይዞራሉ።

ይህን ያስተማረን ሰው ራሱ ስደተኛ ነበር። የሐኖቨሩ ተወላጅ ዊልያም ሄርሸል የጦር ሠራዊት ሙዚቀኛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1757፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ በጦርነቱ ምክንያት እንግሊዝ ገባ። ሙዚቃ እያስተማረ ኖረ፤ የቴሌስኮፑን መስተዋት በገዛ እጁ ሞረደ። በ1772 እህቱን ካሮላይንን አስመጣት፤ ዛሬ እኛ «ፋሚሊየንናኽሱግ» እያልን ቢሮ ለቢሮ የምንንከራተትበት ጉዳይ መሆኑ ነው። እሱ ሲመለከት እሷ ትመዘግብ ነበር። ሄርሸል ጥንዶቹ በአጋጣሚ የተጎራበቱ ናቸው ብሎ ነበር የጀመረው። ከሃያ ዓመት በላይ ደጋግሞ ከለካቸው በኋላ ግን፣ በ1803፣ አንዳንዶቹ በእርግጥ እንደሚዞሩ አስታወቀ።

በነሐሴ ማታ ከአናታችሁ በላይ አልቢሬዮን ፈልጉ። ባይኖኩላሩን አጥር ላይ አስደግፋችሁ ብታዩ አንዷ ወርቅማ፣ ሌላዋ ሰማያዊ ናት። እነዚህ ሁለቱ ይተሳሰሩ አይተሳሰሩ ሊቃውንቱ ዛሬም አልተስማሙም።

ለፀሐያችን የቅርቡ ጥንድ አልፋ ሴንታውሪ ነው፤ 4.4 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ አንድ ዙር 80 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ከፍራንክፈርት ፈጽሞ አይታይም። አዲስ አበባ ላይ ግን በግንቦት ምሽት በስተደቡብ ዝቅ ብሎ ያበራል። አገር ቤት ስትደውሉ «እስቲ ውጡና እዩልን» በሏቸው።

ቴሌስኮፕ የሌለው አይዘን። በ1824 የተመሠረተው ፊዚካሊሸር ፌራይን የተባለው ማኅበር ቦከንሃይመር ቫርተ አጠገብ የሕዝብ መመልከቻ አለው፤ የተለመደው ቀን አርብ ማታ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ፤ ልጆቻችሁንም ውሰዱ።

እኛስ? በአንድ ከተማ፣ በአንድ ትሪ ዙሪያ የምንቀመጠው በአጋጣሚ የተጎራበትን ነን ወይስ የተሳሰርን? ሄርሸል እንዳስተማረን አንድ ጊዜ በማየት አይታወቅም። ደጋግሞ መጠየቅ ይፈልጋል። ለወራት ከዓይናችሁ የጠፋ ወገን ካለ ዛሬውኑ ደውሉለት። የሰማዩን ጥንድ የሚያኖረው መሳሳብ ነው፤ የእኛን መተሳሰብ።