ጆሮ ይፍረድ

ዋጋው የከበደ ዕቃ ሁሉ መልካም ይመስለናል። ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ውድ ማዳመጫ የገዛ ሰው በመጀመሪያው ቀን «እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም» ይላል፤ ከወር በኋላ ግን ተራ ይሆንበታል። ማዳመጫው ያው ነው፤ የተለወጠው ሰሚው ነው።

ዕቃ መርምረው የሚጽፉ ሰዎችም ከዚህ ድካም ነጻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1994 ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የተባሉ የድምፅ ሊቃውንት ለ40 የኩባንያ ሠራተኞች ልዩ ልዩ ድምፅ ማጉያዎችን አንድ ጊዜ በመጋረጃ ሸፍነው፥ አንድ ጊዜ ገልጠው አሰሙ። ትልልቆቹና ውዶቹ በተገለጡ ጊዜ ነጥባቸው ከፍ አለ። ዓይን ጆሮን አሳተው ማለት ነው። በ2017ም የ283 ማዳመጫዎች ድምፅ ተለክቶ፥ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ድምፅ ባላቸው ሚዛንና በዋጋቸው መካከል ዝምድና አልተገኘም።

ስለዚህ ወጣቱ ሠራተኛ ደመወዙን፥ ተማሪውም ከወላጆቹ የተላከለትን ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት፥ አወዳሹ ዕቃውን ገዝቶት ነው ወይስ ተሰጥቶት? ስንት ቀንስ ሰማበት? ብሎ ይጠይቅ። እኛም ብዕር የያዝን ሁሉ የአንድ ቀን ደስታችንን እንደ ፍርድ አድርገን ከማቅረብ እንጠንቀቅ። ሐሳባችን ሲለወጥም ተለውጧል ብሎ መጻፍ ውርደት አይደለም፤ አንባቢን ማክበር ነው።