በአራዳ ስለሚደረገው የሲኒማ ቀረጻና ስለ ሠራተኛው ሰዓት

ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ሥራ ሁሉ የሚቃናውም ሆነ የሚበላሸው ሠራተኛው ከመሰብሰቡ በፊት ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ድንጋዩንና እንጨቱን፥ ግንበኛውንና አናጢውን በየተራቸው ካላሰናዳ፥ ግንበኛው ድንጋይ ሲጠብቅ፥ አናጢውም ግንቡ እስኪቆም ቁጭ ብሎ ሲውል የቀን ዋጋው ይቆጠራል፤ ቤቱ ግን ከመሬት ከፍ አይልም። በዛሬው ጽሑፋችን ልናመለክት የፈለግነው ይህንኑ የመሰለ ነገር ነው፤ ይኸውም በከተማችን እየበዛ ስለ ሄደው ስለ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ቀረጻ፥ ይልቁንም በአራዳና በፒያሳ ስለሚደረገው ነው።

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባበት በመጀመሪያው ዘመን ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት ሰይጣን ቤት ብሎ ሰይሞት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ዓይን እየለመደ፥ ጆሮም እየሰማ ሄዶ፥ በፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር ለብዙ ዘመን ተመልካች ሲቀበሉ ኖሩ። በ1957 ዓ.ም. ሂሩት አባቷ ማነው የተባለው ረጅም ፊልም በአገራችን ተሠርቶ ለሕዝብ ቀረበ። ዛሬ ደግሞ ካሜራ ይዞ፥ መብራት ተክሎ፥ ድምፅ ቀድቶ እንጀራውን የሚበላ ወጣት ብዙ ነው። አንድ ሥራ የብዙ ሰው እንጀራ ከሆነ ዘንድ የጥቂቶች ጨዋታ መሆኑ ቀርቶአልና፥ ሥርዓቱም የባለሥልጣኖችና የአዋቂዎች ምክር ሊገባበት ይገባል።

በአራዳ ጎዳናዎች ብዙ ጊዜ የሚታየው እንዲህ ነው። ካሜራ የሚይዘውም፥ መብራት የሚተክለውም፥ ልብስ የሚያለብሰውና ፊት የሚያሳምረውም፥ ተዋናዩም ሾፌሩም ምግብ አቅራቢውም፥ ሁሉም በአንድ ቃል ከጠዋቱ በ12 ሰዓት ይምጣ ይባላል። ጄኔሬተሩ ግን በ3 ሰዓት ይደርሳል፤ የመንገዱ ፈቃድ ወረቀት በአንደኛው ሰው ቤት ተረስቶአል ይባላል፤ ፈቃዱ እስኪመጣ ፀሐይ አናት ላይ ትወጣለች። ጠዋት ሊቀረጽ የታሰበው ለማታ ይተላለፋል፤ ማታውም እኩለ ሌሊት ይሆናል። በዚያ ሰዓት ታክሲ የለም። ልብስ ስታለብስ የዋለችው ልጅ ከፒያሳ እስከ ሰፈሯ በምን ትሄዳለች? የሚጠይቅላት ሰው አይገኝም።

ይህ ጥፋት ትንሽ እንዳይመስል በቁጥር እንየው። 40 ሰው ተጠርቶ እያንዳንዱ 3 ሰዓት ያለ ሥራ ቢጠብቅ፥ የጠፋው ጊዜ 120 ሰዓት ነው። አንድ ሰው በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ ይህ የ15 ቀን ሥራ ይሆናል። በአንድ ጠዋት የአንድ ሰው የ15 ቀን ድካም ከንቱ ቀረ ማለት ነው። ከኪሱ 15 ቀን ደመወዝ የተወሰደበት ሰው ቢኖር ሌባው ይፈለግ ነበር፤ ከ40 ሰው ሦስት ሦስት ሰዓት ሲወሰድ ግን ማንም አይጮህም። በዚህ ላይ የወርቅ ቤቱ ባለቤት በሩ ተዘግቶበት የሚያጣው ገበያ፥ መንገደኛውም ዙሪያ ጥምጥም የሚሄደው መንገድ አልተቆጠረም።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ በየአገሩ ያሉ ሲኒማ ሠሪዎችም ይሠሩበታል። ረዳት አዘጋጁ ድርሰቱን ተቀብሎ ትዕይንት በትዕይንት ይፈታዋል፤ ለእያንዳንዱም ማን ማን እንደሚገባ፥ የት እንደሚሠራ፥ ቀን ወይም ሌሊት መሆኑን፥ ምን ልብስና ምን ዕቃ እንደሚያስፈልግ ይጽፋል። ከዚህ በኋላ ትዕይንቶቹን በታሪኩ ተራ ሳይሆን በቦታና በብርሃን ተራ ያሰልፋቸዋል። ታሪኩ በራስ መኰንን ድልድይ ጀምሮ በዚያው ድልድይ የሚፈጸም ቢሆን፥ መጀመሪያውና መጨረሻው በአንድ ቀን ይቀረጻሉ እንጂ ሠራተኛው ሁለት ጊዜ አይመላለስም። ድርሰቱንም በገጽ ይለካዋል፤ አንዱን ገጽ 8 እጅ አድርጎ መክፈል የተለመደ ሲሆን፥ አንድ ገጽ በሚታይበት ጊዜ ወደ 1 ደቂቃ ይገመታል። እንግዲህ የ100 ገጽ ድርሰት በቀን 4 ገጽ ቢቀረጽ 25 ቀን ይፈልጋል። ይህን አስቀድሞ ያላሰላ ሰው ለ15 ቀን ብቻ ገንዘብ ይዞ ይነሣና፥ የጎደለውን 10 ቀን ከሠራተኛው እንቅልፍ ይወስደዋል።

ከዚያ በኋላ የጥሪ ወረቀት ይጻፋል። በዚህ ወረቀት የሁሉም ሰዓት አንድ አይደለም፤ መብራት ተካዩ አስቀድሞ፥ ፊት የምታሳምረው ቀጥሎ፥ በመጨረሻው ትዕይንት የሚገባው ተዋናይ ደግሞ ከቀትር በኋላ ይጠራል። ቦታው፥ መኪና የሚቆምበት ስፍራ፥ የምሳው ሰዓት፥ ፀሐይ የምትወጣበትና የምትጠልቅበት ጊዜ፥ ቅርብ የሆነው ሐኪም ቤት ሁሉ ይጻፍበታል። ሠራተኛውም ወረቀቱን ከዋዜማው ማታ ቀደም ብሎ ማግኘት አለበት፤ ሌሊት የተጠናቀቀም በማግሥቱ ጠዋት አይጠራም፤ በሁለቱ መካከል እንቅልፍ የሚበቃ ዕረፍት ሊኖር ይገባል።

ይህን የሰማ ሰው ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ልማድ ነው ይል ይሆናል። ነገር ግን ሥርዓቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. መስከረም ዐፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ ባስነገሩ ጊዜ፥ ሠራዊቱ ዝም ብሎ ይነሣ አላሉም፤ የሸዋው ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከቶ እንዲገኝ ቀኑንና ቦታውን ለይተው አስታወቁ። ስንቅ የሚሰንቀውም በዚያው ቀን ልክ ሰነቀ። በአራዳ አደባባይ የቆመውን ሐውልታቸውን ከበስተኋላ አድርጎ የሚቀርጽ ሰው ይህን ማስታወስ ይገባዋል። ወደ ቤተ ክርስቲያንም ብንመለከት፥ በማኅሌት ጊዜ ቀኝ ጌታውና ግራ ጌታው ስፍራቸውን ያውቃሉ፤ ማን እንደሚመራ፥ ማን እንደሚቀበል፥ ጸናጽሉና ከበሮው መቼ እንደሚገቡ የተወሰነ ነው። ሥርዓቱ ዜማውን አላሰረውም፤ ይልቁንም እንዲሰማ አደረገው።

ደግሞም አራዳ የራሱ የቀን መቁጠሪያ ያለው ስፍራ ነው። በየወሩ በ23 የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ነው፤ ይልቁንም በሚያዝያ 23 ቀን ቅጥሩና አካባቢው በሕዝብ ይሞላል። በጥር 10 ቀን ታቦታት ወደ ጃን ሜዳ ይወርዳሉ። በየካቲት 23 ቀን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ነው፤ ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ጀምሮም በዚያው በፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ተከፍቶአል። ዓርብ ቀትር በበኒ ሰፈር ኑር መስጊድ ለስግደት የሚመጣው ሕዝብ ብዙ ነው። እነዚህን ቀኖች ሳያይ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ድምፅ መቅጃውን ዘርግቶ ከምእመናን ጋር ይጣላል፤ ጥፋቱ ግን የምእመናን አይደለም።

የጾሙም ነገር ከዚህ ይገባል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከየካቲት 1 ቀን አስቀድሞ፥ ከመጋቢት 5 ቀንም ዘግይቶ አይገባም፤ በመካከሉ ያለውን በየዓመቱ የሚወስነው ባሕረ ሐሳብ ነው። አንዳንዱ ሠራተኛ በጾም እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምስም፤ እርሱን ከቀትር በፊት ከባድ ዕቃ አሸክሞ በ7 ሰዓት የፍስክ ምሳ ማቅረብ ሁለት ጊዜ መበደል ነው። የሙስሊሙም የረመዳን ጾም ማታ የሚፈታበት ሰዓት በጥሪው ወረቀት ላይ ሊጻፍ ይገባዋል።

ብርሃኑም ቢሆን ሕግ አለው። በከተማችን የቀኑ ርዝመት ከክረምት እስከ በጋ የሚለዋወጠው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነውና፥ አስቀድሞ ለማሰላት አያስቸግርም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀትር በኋላ 9 ሰዓት ፀሐይ ከአናት ወርዳ የሰውን ዓይን በጥላ ትሸፍናለች፤ ለስላሳው ብርሃን የጠዋቱና የ11 ሰዓቱ ነው። ስለዚህ ብልህ አዘጋጅ የውጭውን ትዕይንት በጠዋትና በማታ፥ የቤቱን ውስጥ በቀትር ያደርጋል፤ ከሰኔ እስከ መስከረምም ዝናም ቢመጣ የሚገባበትን የቤት ውስጥ ትዕይንት በመጠባበቂያ ይይዛል።

በቀድሞው ዘመን ቀራጩን የሚያስጠነቅቀው ፊልሙ ራሱ ነበር። ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም 1000 ጫማ የሚረዝመው ጥቅል የሚቆየው ወደ 11 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ዋጋውም ውድ ስለ ሆነ ሳይለማመድ የሚያስነሣው አልነበረም። ዛሬ ሥዕሉ በትንሽ ካርድ ላይ ይቀመጣል፤ ተደምስሶም እንደ ገና ይቀረጽበታል። በዚህ ምክንያት ብዙዎች ሁሉም ነገር የረከሰ መሰላቸው። የረከሰው ግን ፊልሙ ነው እንጂ የሰው ዕድሜ አይደለም፤ ካርዱ ይደመሰሳል፥ በከንቱ ያለፈው ቀን ግን ተመልሶ አይገኝም።

ጥበብ በሰዓት አትታሰርም የሚሉ አሉ። ቃሉ እውነትነት የለውም አንልም፤ ደመናው ሳይታሰብ ሲያምር፥ ተዋናዩም ያልተጻፈ ነገር ሲያወጣ ያን የማይቀበል ሰው ድንጋይ ነው። ስለዚህ በቀኑ ውስጥ ባዶ የተተወ ሰዓት ሊኖር ይገባል። ነገር ግን ባዶ ሰዓት ሊተው የሚችለው ሌላውን ሰዓት የቆጠረ ሰው ነው። ኃይሌ ገሪማ ምርት ሦስት ሺሕ ዓመት የተባለውን በ1968 ዓ.ም. የወጣ ፊልም የቀረጹት፥ ገበሬዎችን ተዋናይ አድርገው፥ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ነው። ጊዜው ማጠሩ ጥበቡን አላጎደለውም።

ለአራዳ ከሌላው ሰፈር ይልቅ የሚያስቸኩል ምክንያት ደግሞ አለ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው መንገዱና አደባባዩ ሌላ መልክ ይዞአል። ጣይቱ ሆቴልም በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት መጎዳቱ ይታወሳል። ከተማ ሕያው ስለ ሆነ ይለወጣል፤ አዲሱንም እናመሰግናለን። ነገር ግን ግማሹ ተቀርጾ ግማሹ ለሚቀጥለው ወር የተተወ ታሪክ፥ በሚቀጥለው ወር በረንዳውን በስፍራው ላያገኘው ይችላል። በቀጠሮ ጉድለት የጠፋ ትዕይንት የባለ ገንዘቡ ኪሳራ ብቻ አይደለም፤ ልጆቻችን ሊያዩት የሚገባ ሥዕል ነበር።

ስለዚህ እንዲህ እንመክራለን። ፈቃድ የሚሰጡ ባለሥልጣኖች ፈቃዱን ሲሰጡ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንና መንገዱን ለይተው ይጻፉ፤ ጠያቂውም የሠራተኛውን የጥሪና የመመለሻ ሰዓት አብሮ ያቅርብ፤ በምላሹም አንድ ወረቀት ይዞ ከአምስት ደጅ እንዳይንከራተት ነገሩን በአንድ ስፍራ ይጨርሱለት። የአድባራት አለቆች የበዓላቱን ቀንና የቅዳሴውን ሰዓት ለሚጠይቅ አዘጋጅ አስቀድመው ይንገሩት፤ ያልተነገረውን አላወቀም ብሎ መቆጣት አይገባምና። ባለ ገንዘቦችም ከሌሊቱ 3 ሰዓት በኋላ ሠራተኛ ሲያቆዩ መኪና አዘጋጅተው እስከ ደጁ ያድርሱት፤ የጠበቀበትንም ሰዓት እንደ ሥራ ቆጥረው ይክፈሉት።

ሰዓቱን የተከበረለት ሠራተኛ እጁም ልቡም ከሥራው ጋር ነው። የእርሱን ሰዓት የሚንቅ አዘጋጅ ግን፥ መብራቱ ቢበዛ ካሜራውም ቢከብር፥ በሥዕሉ ላይ የሚያወጣው የደከመ ፊት ነው፤ ተመልካቹም ምክንያቱን ባያውቅ ድካሙን ያየዋል።