በረራው 1 ሰዓት፣ ጉዞው ግማሽ ቀን

የሲቀላ ነጋዴ ለንግድ ጉዳይ አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ሲያስብ ቀድሞ የሚሰማው ምክር «በአውሮፕላን እኮ 1 ሰዓት ነው» የሚል ነው። ምክሩ ሐሰት የለበትም። ከአርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ በአየር ቀጥታ ሲለካ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በረራውም 1 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ነጋዴው ግን ጉዳዩ ያለው መርካቶ እንጂ ቦሌ አይደለም።

ከሲቀላ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ለመድረስ ግማሽ ሰዓት፣ ለፍተሻና ለመሳፈሪያ 2 ሰዓት፣ ለበረራው 1 ሰዓት፣ ሻንጣ ተቀብሎ መርካቶ ለመግባት ደግሞ 1 ሰዓት ቢያዝ ድምሩ 4 ሰዓት ተኩል ይሆናል። 350 ኪሎ ሜትሩ ለዚህ ሲካፈል በሰዓት 78 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ይህ የአውሮፕላን ሳይሆን የሚኒባስ ፍጥነት ነው።

ምክንያቱ የአውሮፕላኑ ድክመት አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር ውስጥ መስመሮች ያሰማራው ኪው-400 ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ነገር ግን መንደርደሩ፣ መውጣቱና መውረዱ ለአጭርም ለረጅምም መንገድ የማይቀር ወጪ ነው። ዱባይ ከአዲስ አበባ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ስትርቅ በረራው 4 ሰዓት ገደማ ነው። ርቀቱ 7 እጥፍ፣ ጊዜው ግን 4 እጥፍ ብቻ መሆኑ ነው። መንገዱ ባጠረ ቁጥር ጊዜው የሚባክነው በምድር ላይ ነው።

በመኪናስ? በሆሳዕናና በሶዶ በኩል መንገዱ 450 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በአማካይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢኬድ 9 ሰዓት ነው። ስለዚህ አውሮፕላን የሚያተርፈው 8 ሰዓት ሳይሆን 4 ሰዓት ተኩል ነው። የአውሮፕላኑና የአውቶቡሱ ትኬት የዋጋ ልዩነት ለ4 ሰዓት ተኩል ሲካፈል የአንዱ ሰዓት ዋጋ ይታወቃል። በሰዓት ከዚያ በላይ የሚያገኝ ይብረር፤ ከዚያ በታች የሚያገኝ አውቶቡስ ቢሳፈር አያፍርም።

ስሌቱን የሚያፈርሰው ግን የበረራ ሰዓት ድልድል ነው። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ካልተቻለ በአየር የተገኘው ትርፍ በሆቴል አልጋ ይበላል። ለነጋዴ ከአውሮፕላኑ ፍጥነት ይልቅ የመመለሻው ሰዓት ይበልጥበታል።

ዕቃም እንደ ሰው ይለያያል። የጋሞ ሙዝ በጥሬው ተቆርጦ፣ በአይሱዙ ተጭኖ፣ አዲስ አበባ ላይ የሚበስል በመሆኑ ጥቂት ሰዓት ቢዘገይ አይከፋም፤ የኪሎው ዋጋም የአየር ጭነት አይሸከምም። የእሱ አውሮፕላን ማረፊያ አስፋልቱ ነው። የጫሞ ዓሣ ግን ሰዓት ሲያልፍበት ዋጋው አብሮ ይወርዳል። አየር የሚያዋጣው ለእንዲህ ያለው ዕቃ ሲሆን፣ እሱም ቢሆን በሁለቱም ጫፍ በረዶና ፈጣን ርክክብ ከተዘጋጀለት ነው።

እንግዲህ የሲቀላ ነጋዴዎች ከአየር መንገዱ ጋር ሲነጋገሩ «በረራ ይጨመርልን» ብቻ ማለታቸው አይበቃም። ጥያቄው «ጠዋት ወጥተን ማታ የምንገባበት ሰዓት ይመደብልን» ሊሆን ይገባል። ርቀቱን ማሳጠር የሚችል የለም፤ ወረፋውንና አዳሩን ማሳጠር ግን ይቻላል።