በራስ ወገን ፊት መንበርከክ

በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩና አካባቢዋ ላይ በደረሰው ጥቃት ከተገደሉትና ከተፈናቀሉት መካከል ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። መርዶው አርባ ምንጭ ሲገባ የከተማዋ ወጣት ለበቀል ግልብጥ ብሎ ወጣ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱም ተመለሰ። የአባቶቹ ፎቶ ያኔ በውጭ በምንኖረውም ዘንድ ከስልክ ስልክ ዞሯል፤ አደነቅነው፣ ከዚያ ሌላ ዜና መጣና ተረሳ።

እኔን ወደ እነዚያ አባቶች የመለሰኝ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ከአገር ቤት በሚመጣው ወሬ ልቤ ደርቆ፣ ጸሎትም አልሆንልህ ብሎኝ፣ ለመጽናኛ የዳዊትን ታሪክ ከፍቼ ነበር። የጠበቅኩት በገና የያዘውን ዳዊት ነው። በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 25 ያገኘሁት ግን ሰይፍ ታጥቆ፣ 400 ሰው አስከትሎ፣ ናባል የተባለ ሰውን ቤት ሊያጠፋ የሚገሠግሠውን ነው። ደግሞም በእርግጥ ተበድሏል፤ የናባልን እረኞች በምድረ በዳ ጠብቆለት፣ ስንቅ ቢጠይቅ የተመለሰለት ስድብ ነበር። እስኪነጋ አንድ ወንድ እንዳያስቀር ምሏል።

በተራራው ሥር አቢግያ ደረሰችበት። ለባሏ ለናባል ሳትነግር 200 እንጀራ፣ የተሰናዱ አምስት በጎች፣ የወይን ጠጅና ዘቢብ በአህያ አስጭና ነው የመጣችው። ዳዊትን ስታይ ከአህያዋ ወርዳ እግሩ ላይ ወደቀች። ያልሠራችውን በደል በራሷ ላይ አደረገች። ነገ በምትነግሥበት ቀን ዛሬ በከንቱ የምታፈሰው ደም ልብህን እንዳይከብደው ብላ ለመነችው።

እዚህ ላይ ስደርስ የአርባ ምንጩ መንገድ ድቅን አለብኝ። እነዚያ አባቶችም የሠሩት በደል አልነበረም፤ የሞተው የራሳቸው ወገን ነው። በጋሞ ባህል ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት አልፎ መሄድ ጎሜ ነው፤ ነውር ብቻ ሳይሆን በራስም በዘርም ላይ መዓት የሚያመጣ መተላለፍ። አባቶቹ ይህን የመጨረሻ ሥልጣናቸውን ያዋሉት ጠላት ላይ ሳይሆን የገዛ ልጆቻቸውን ለማቆም ነው። ብዙ ጊዜ ከተዘጋብኝ ጸሎት ያወጣኝ ይህን ማየቴ ነው። የማማልደው ሁልጊዜ ለበዳዩ ወገን ልብ መመለስ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ለተበደለውም፣ ለራሴም ወገን ቁጣ መጸለይ ጀመርኩ። ጸሎቱም ሕይወት ዘራ።

ምዕራፉ የሚጀምረው በሳሙኤል ሞት መሆኑንም ልብ በሉ። አገሩ ትልቁን ሽማግሌውን በቀበረበት ሰሞን፣ የሽምግልናውን ሥራ የሠራችው አንዲት የቤት እመቤት ናት። ሽማግሌ ጠፋ እያልን በየስብሰባው ስለምናዝን ይህ እኛን ይመለከታል።

ስለ አርባ ምንጭ ወጣቶች የሚነገረው ግን በጣም ያንሳል። ሣሩን አይቶ መመለስ ፍርሃት የሚመስለው ካለ ዳዊትን ይመልከት፦ አቢግያን የላከለትን አምላክ አመሰገነ፣ ያመጣችውን ከእጇ ተቀበለ፣ በሰላም ሸኛት። የማለውን ለመተው አላፈረም።

በዋሽንግተን፣ በለንደን፣ በፍራንክፈርት ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እኛ ከዚህ ሆነን የምንጽፈው ቃልና የምንልከው ገንዘብ እዚያ ያለውን ወጣት ወደ መንገድ ሊያወጣውም፣ ከመንገድ ሊመልሰውም ይችላል። የሌላውን ብሔር ጥፋት የሚዘረዝር ሰው በየጓዳው ሞልቷል። የጎደለን ሐዘንተኛ ሆኖ ሳለ የራሱን ወገን «ልጆቼ፣ ተመለሱ» የሚል ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ከሃዲ እየተባለ ከማኅበሩም ከዕድሩም ይገፋል። በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው በመካከላችሁ ሲነሣ ዝም ብላችሁ አትዩት፤ ሄዳችሁ አጠገቡ ቁሙ።