ካርዱን ከመግዛታችን በፊት ኬዙን እንለካ



በሰቆጣ ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የዋግ ኽምራ ደጋዎች፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም ከአልጋ ሥር በካርቶን ተቋጥረው የተቀመጡ ካሴቶች ያሉባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። አንዱ ካሴት ከወሎ የመጣ መንዙማ ነው። ሌላው በሠርግ ቀን የተቀዳ የዘመድ ጨዋታ ነው። ሌላው ደግሞ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አያት ልጆቻቸውን የመከሩበት ድምፅ ሊሆን ይችላል። ገበያ ወጥቶ የሚገዛ ሁለተኛ ቅጂ የላቸውም።

የካሴት ክር ግን ዘላለማዊ አይደለም። ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ካሴትን ለዓለም ሲያስተዋውቅ፣ ሐሳቡ በቀጭን ፕላስቲክ ላይ የተለበጠ የብረት ዱቄት ድምፅን በመግነጢስ ኃይል እንዲይዝ ነበር። ያ ዱቄት በዕድሜ ብዛት ይረግፋል፤ መግነጢሱም ይደክማል፤ ሙቀት፣ እርጥበትና አቧራ ደግሞ ጥፋቱን ያፋጥኑታል። የሚያጫውቱት ቴፖችም ከየቤቱ እየጠፉ ነው። ስለዚህ ድምፁን ወደ ኮምፒውተር ማዛወር ቀጠሮ የሚሰጠው ሥራ አይደለም።

ወጣቶቻችን ይህን ሲያስቡ በመጀመሪያ የሚመጣባቸው «ጥሩ ሳውንድ ካርድ እንግዛ» የሚል ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ከደሴ፣ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ተገዝቶ ሰቆጣ የደረሰ ካርድ ኬዙ ውስጥ አልገባ ቢል፣ ለመለወጥ የሚወጣው የመንገድ ወጪና ጊዜ ቀላል አይሆንም። በዚህ ምክንያት የዛሬው ዝግጅታችን በካርዱና በኬዙ መጣጣም ላይ ያተኩራል።

ለመሆኑ ሳውንድ ካርድ ምንድን ነው?

ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥርን ብቻ ነው። ከቴፕ የሚመጣው ድምፅ ደግሞ ከፍና ዝቅ የሚል የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። ሞገዱን ወደ ቁጥር፣ ቁጥሩንም መልሶ ወደ ሞገድ የሚለውጠው ሳውንድ ካርድ ነው። የሲንጋፖሩ ክሪዬቲቭ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1989 ሳውንድ ብላስተር የተባለውን ካርድ አውጥቶ ነገሩን በዓለም ሁሉ አስለመደ። በኋላ ግን ይህ ሥራ ማዘርቦርዱ ላይ ተሠርቶ መምጣት ጀመረ። ዛሬ አብዛኛው ሰው ለብቻው ካርድ የማይገዛው በዚህ ምክንያት ነው። ለብቻው የሚገዛ ካርድ ጥቅሙ፣ ሲቀዳ ከማዘርቦርዱ የሚገባውን ጭረትና እሽታ መቀነሱ ነው።

ሦስቱ ልኬቶች

አንደኛው ቁመት ነው። ወደ አገራችን ከሚገቡት ያገለገሉ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ለቢሮ የተሠሩ ቀጫጭን ኬዞች ናቸው። ባለ ሙሉ ቁመት ካርድ ቦርዱ 10.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከኬዙ ጀርባ ጋር የሚታሰርበት ብረት 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ባለ አጭር ቁመት ካርድ ቦርዱ ከ6.5 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ብረቱም 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ማስመሪያ ይዛችሁ በኬዙ ጀርባ ያሉትን የካርድ መውጫ ቀዳዳዎች ለኩ። ርዝመታቸው ወደ 12 ከተጠጋ ሁለቱም ዓይነት ይገባል። 8 ገደማ ከሆነ ግን አጭሩ ብቻ ነው የሚገባው። አንዳንድ ካርድ፣ ለምሳሌ ሳውንድ ብላስተር ኦዲጂ ኤፍኤክስ፣ ከረጅሙ ብረት ጋር አጭሩን ብረት ጨምሮ ይሸጣል። ካርዱን ያገለገለ ስትገዙ አጭሩ ብረት ካርቶኑ ውስጥ መኖሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ሁለተኛው ስሎት ነው። አሮጌው ዓይነት ፒሲአይ ይባላል፤ አዲሱ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ነው። ስማቸው ይመሳሰል እንጂ አንዱ ከሌላው ጋር አይገጥምም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የመጀመሪያው ኦዲጂ የፒሲአይ ካርድ ስለነበር፣ በርካሽ ቢገኝም አዲስ ማዘርቦርድ ላይ ቦታ የለውም። በፒሲአይ ኤክስፕረስ ዘንድ ደግሞ ሳውንድ ካርድ የሚፈልገው አጭሩን ስሎት ነው፤ እሱ ከሌለ ወይም ከተያዘ በረጅሙ ስሎት ላይም ይሠራል። ወፍራም የቪዲዮ ካርድ ካለ አጠገቡ ያለውን ስሎት ሊሸፍነው ስለሚችል፣ ኬዙን ከፍታችሁ ማየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ኃይል ነው። ውድ ካርዶች ከስሎቱ የሚያገኙት ኤሌክትሪክ አይበቃቸውም። ሳውንድ ብላስተር ኤኢ 9 ከፓወር ሰፕላዩ ባለ ስድስት ቀዳዳ ገመድ ይፈልጋል። የአሱስ ኩባንያ ዞናር ኤሰንስ ኤስቲኤክስ ደግሞ ትልቁን ባለ አራት ቀዳዳ ገመድ ይጠይቃል። ቀጫጭኖቹ የቢሮ ኬዞች ግን ብዙ ጊዜ እነዚህ ገመዶች የሏቸውም። ገመዱ ከሌለ ካርዱ ቢገባም እንደሚገባው አይሠራም።

ከእነዚህ ጋር ድራይቨሩን አትርሱ። ካርዱ በእናንተ ዊንዶውስ ላይ የሚሠራበት ድራይቨር መኖሩን እዚያው ጠይቃችሁ፣ በፍላሽ ይዛችሁ ተመለሱ። ሻጭም ቢሆን የዕቃውን ጉድለት ሳይደብቅ መናገር ግዴታው ነውና አንባቢያችን ለመጠየቅ አይፈር።

ውድ ካርድ የግድ ነውን?

እዚህ ላይ እውነቱን መነጋገር ይገባናል። የካሴት ክር በጸጥታውና በከፍተኛው ድምፁ መካከል ያለው ርቀት ከ50 እስከ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። ኤሰንስ ኤስቲኤክስን የመሰለ ካርድ እስከ 124 ዴሲቤል እንደሚደርስ በካርቶኑ ላይ ይጻፍለታል። ይሁን እንጂ ክሩ ላይ የሌለውን ድምፅ የትኛውም ካርድ ሊፈጥረው አይችልም። ባለ አንድ ሊትር ጀሪካን ውኃ ለመቅዳት በርሜል መግዛት እንደማለት ነው። ገንዘብን ያለ ጥቅም ማፍሰስ ደግሞ ኢስራፍ መሆኑ ለአንባቢዎቻችን አዲስ አይደለም።

ስለዚህ ኬዛችሁ ቀጭን ከሆነ መካከለኛ ዋጋ ያለው አጭር ካርድ ይበቃል። አለዚያም ኬዝ ሳያስከፍት በዩኤስቢ የሚሰካ፣ የላይን መግቢያ ያለው የውጭ መሣሪያ ይበቃል። የተረፈው ገንዘብ ቴፑን በማስጠገን ላይ ቢውል ይሻላል። የቆሸሸ የቴፕ ሄድ በውዱ ካርድም ቢሆን የታፈነ ድምፅ ነው የሚሰጠው። ሄዱንና ክሩን የሚጎትተውን ጎማ በጥጥና በጥቂት አልኮል ጠርጋችሁ፣ እስኪደርቅ ጠብቃችሁ ሥራችሁን ጀምሩ።

በደጋው ላይ ስንገጥም

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀትን አሟጦ አይወስድም፤ በጠባብ ኬዝ ውስጥ ተጨማሪ ካርድ ሲገባ ደግሞ የአየሩ መተላለፊያ ይጠባል። በበጋ አቧራ ሲታከልበት ነገሩ ይብሳል። ኬዙ ሲከፈት አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማስወገድና ገመዶችን ከፋኑ ፊት ማንሳት ተገቢ ነው። የሚመረጥ ስሎት ካለም ካርዱን ከቪዲዮ ካርዱና ከፓወር ሰፕላዩ አርቃችሁ ስኩት፤ ሁለቱም ሙቀትና የኤሌክትሪክ ጫጫታ ይረጫሉ።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፉ፤ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፤ የቀረው ኃይል እንዲወጣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑ። በደረቅ አየር በልብሳችንና በሰውነታችን ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ለእኛ ባይሰማንም ካርዱን ሊያቃጥል ይችላል፤ ስለዚህ ካርዱን ከማንሳታችሁ በፊት ቀለም ያልተቀባውን የኬዙን ብረት ንኩ። ካርዱን በጠርዙ ያዙ እንጂ ወርቃማ ጥርሶቹን አትንኩ። ቀጥ አድርጋችሁ እስኪቀመጥ ድረስ በእኩል ግፊት ወደ ስሎቱ አስገቡት። በኃይል አትደብድቡት፤ እምቢ ካለ አውጡትና አቀማመጡን ደግማችሁ እዩ። በመጨረሻም ብሎኑን እሰሩ። ያልታሰረ ካርድ ጃክ በተነቀለና በተሰካ ቁጥር እየተነቃነቀ ይበላሻል።

ሲቀዳ

የቴፑን ገመድ ሰማያዊ ቀለም ባለው የላይን መግቢያ ላይ ሰኩ። ሮዙ ለማይክሮፎን ነውና ድምፁን ያሻክረዋል። «እምም» የሚል ማቋረጫ የሌለው ድምፅ ከተሰማ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቴፑና ኮምፒውተሩ ከተለያየ ሶኬት መሳባቸው ነው። ሁለቱን በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ። ከዚህ የሚሻለው ግን ቴፑን በባትሪ ድንጋይ ማጫወት ነው፤ ማጉረምረሙ በዚህ ሊጠፋ ይችላል። መብራት በመካከል ከሄደ የተቀዳው እንዳይበላሽ ኮምፒውተሩን በዩፒኤስ መያዝ፣ ያም ካልተቻለ እያንዳንዱን የካሴት ፊት ለብቻው ቀድቶ ወዲያው ማስቀመጥ ይበጃል።

ኦዳሲቲ የተባለው ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ በዌቭ ፋይል ቅዱ። የአንድ ሰዓት ካሴት በዚህ መጠን አንድ ጊጋ ባይት ያህል ይይዛል። የድምፁ መለኪያ ቀዩን እንዳይነካ ጥቂት ዝቅ አድርጉት። በስሕተት እንዳይቀዳበትም ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች አስቀድማችሁ ስበሩ።

ከየትኛው እንጀምር?

በሱቅ የተሸጠ መንዙማ በሌላ ቤት ቅጂው ሊገኝ ይችላል። በቤት የተቀዳው ግን የለም። ስለዚህ ቅድሚያው ለቤተሰቡ ድምፅ ይሁን። ከዚያም ውስጥ በኽምጣና የተነገረ ካለ አስቀድሙት። ኽምጣና ከአዊኛ፣ ከቢለንና ከቅማንትኛ ጋር ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ቅማንትኛ ዛሬ የሚናገሩት ጥቂት አዛውንት ብቻ መሆናቸውን ስናይ፣ የአንዲት አሮጊት የኽምጣና ተረት ያለበት ካሴት ከአንድ ቤት አልፎ ለአገር የሚቀር ሀብት መሆኑን እንረዳለን። ፋይሉ ላይ የተናጋሪውን ስም፣ ዓመቱንና ቦታውን ጻፉ፤ ድምፁን ለይተው የሚነግሯችሁ አባቶችና እናቶች በሕይወት እያሉ ጠይቁ።

በሰቆጣ የሚገኙ ሙስሊም ቤተሰቦች በቁጥር ጥቂት እንደመሆናቸው፣ እያንዳንዱ ቤት ለየብቻው ካርድ ይግዛ አንልም። አምስት ስድስት ቤተሰብ ተዋጥቶ አንድ ኮምፒውተር ቢያዘጋጅ፣ አንድ ታማኝ ወጣትም ቢመደብለት ለሁሉም ይደርሳል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም የእናቶቻቸው ድምፅ ያለበት ካሴት አላቸውና በሩ ለእነሱም ክፍት ይሁን። የሚቀዳው ወጣት ግን በእጁ የገባው አማና መሆኑን ይወቅ። በካሴቱ ላይ የባልና የሚስት ጉዳይ፣ የቤተሰብ ምስጢር ሊኖር ይችላል። ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ ለማንም አያሰማ፤ በስልክም አያሰራጭ።

አንድ ቅጂ ደግሞ ቅጂ አይደለም። አንዱ በኮምፒውተሩ፣ ሁለተኛው በውጭ ዲስክ፣ ሦስተኛው በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ካሴቱም ከተቀዳ በኋላ አይጣል።

እንግዲህ ውድ ወጣቶች፣ በዚህ ሳምንት ኬዛችሁን ክፈቱና ሦስቱን ልኬቶች በወረቀት ጻፉ፤ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ወረቀቱን በኪሱ ይያዝ። ካርዱ እስኪመጣ ድረስ ካርቶኑን አውርዳችሁ ካሴቶቹን ከታላላቆቻችሁ ጋር ለዩ። በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ኢንሻ አላህ፣ ሰላም ሁኑ።