«አላውቅም» ያሉት አስተማሪያችን

ባለፈው ዓመት የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ፖታሲየም ፐርማንጋኔት አሙቀው ኦክሲጅን ሊያሳዩን ፈለጉ። ፍም የያዘችው ስንጥር ግን ብልቃጡ ውስጥ ስትገባ ሳትነድ ቀረች። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው «አላውቅም፤ ነገ እነግራችኋለሁ» አሉ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ዛሬ ያ ሳቅ ያሳፍረኛል።

በዚያው ምሽት ዘበኛውን ለምነው ቤተ ሙከራውን አስከፍተው ብቻቸውን ሲሞክሩ አመሹ። በማግስቱም አስቀድሞ የወጣው በቱቦው ውስጥ የነበረው አየር መሆኑን አስረዱን። እርሱን አስወጥተው ቢደግሙት ስንጥሯ ቦግ አለች። ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ድምፃቸው አይርበተበትም።

በበኩሌ አስተማሪ ዕውቀቱንም ድፍረቱንም የሚያገኘው እያስተማረ ነው ባይ ነኝ። ሜንዴሌቭ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1869 የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ ያወጣው ለተማሪዎች መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ነበር፤ ገና ላልተገኙትም ባዶ ቦታ ትቶላቸዋል።

የእኛ ቤተ ሙከራ ግን ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ወላጆችና ዲሬክተራችን ቁልፉ በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለአስተማሪዎቹ እንዲሰጥ ያደርጉ ዘንድ እለምናለሁ። ብልቃጥ ይሰበራል የሚል ቢኖር፣ እኛ ተማሪዎች ከምንሰብረው አይበልጥም።